ያልወለደ አንጀት

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው ተረት የተተረተው ለእኔ ይመስለኛል። ልዩነቱ እኔ ምጥ የማስተምረው ለእናቴ ብቻ ሳይሆን ለመንደሩ እናቶች በሙሉ መሆኑ ነው። ሁለት ዓመት አለፈኝ፤ ጅጋና አካባቢዋ ላሉ እናቶች (ጥቂት አባቶችም አሉ፣ እንዳይቀየሙኝ) ስለ ልጅ አስተዳደግ እጽፋለሁ። መቼ ምግብ እንደሚጀመር፣ ትኩሳት ሲነሳ ምን እንደሚደረግ፣ ሕፃን ሲያለቅስ ለምን እንደሚያለቅስ። እጄ ላይ ግን ልጅ የለም። ቤታችን ግድግዳ ላይ የሚሞነጫጭር የለም፤ ሌሊት የሚቀሰቅሰን የጎረቤት አውራ ዶሮ ብቻ ነው።

ይህን ገና ከጅምሩ የምነግራችሁ በኋላ «አታለለችን» እንዳትሉኝ ነው። ዕድሜዬ 29 ነው። በ2011 ዓ.ም. ባሕር ዳር ጋዜጠኝነት ተምሬ ተመረቅኩ፤ በጥር 2012 ዓ.ም. አገባሁ፤ ባለቤቴ መምህር ስለሆነ የእሱን ምደባ ተከትዬ ጅጋ ገባሁ። ጅጋን ለማታውቁ፦ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር ስትጓዙ ደምበጫን አልፋችሁ፣ ፍኖተ ሰላም ሳትደርሱ የምታገኟት ከተማ ናት። ምዕራብ ጎጃም፣ ጃቢ ጠህናን ወረዳ። አገሩ የበቆሎ፣ የጤፍና የበርበሬ አገር ነው። በበርበሬ ወራት የአውቶቡስ መስኮት ከፍቶ የሚሄድ መንገደኛ ከተማዋን ባያያትም እንኳ አስነጥሶት ያልፋታል።

በሉ ወደ ጨዋታችን።

«ምነው ዝም አላችሁ?»

ያገባችሁ ታውቁታላችሁ። ሠርጉ ስድስት ወር ሲሞላው አንድ ጥያቄ ይጀምራል፤ «ምነው ዝም አላችሁ?» እኛ ቤት እኮ ዝም ተብሎ አያውቅም! ባለቤቴ የሒሳብ መምህር ነው፤ ስለ ክፍልፋይ ማውራት ከጀመረ የሚያቆመው የለም። እኔም ጋዜጠኛ ነኝ። ግን ጥያቄው ስለ ወሬ እንዳልሆነ ሁለታችንም ይገባናል። ዓመት ሲሞላ ጥያቄው ምክር ይሆናል፤ «እንትና እንትን ጠበል ተጠምቃ መንታ ታቀፈች።» ሁለት ዓመት ሲሞላ ምክሩ ሹክሹክታ ይሆናል። ሦስተኛው ዓመት ላይ ሹክሹክታው እኔን ትቶ ወደ ባለቤቴ ጆሮ ይሄዳል፤ «አንተ፣ ዘር ሳትተካ ልትቀር ነው?»

አንድ ነገር አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? በአማርኛችን «መካን» ሲባል ዓይናችን ቀድሞ የሚያርፈው ሴቷ ላይ ነው። ወንዱን «ልጅ አልሰጠውም» እንለዋለን። ሴቷን «መካን ናት» እንላታለን። እሱ ሳይሰጠው የቀረ ነው፤ እሷ ግን ራሷ ጉድለቱ ናት። ሽማግሌ ሳይሰማት ቋንቋው ቀድሞ ፈርዶባታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ ልጅ የመውለድ ችግር እንደሚገጥመው አስታውቋል። ከስድስት አንድ! እንግዲህ ቡና ላይ የምትሰበሰቡትን ቁጠሩና አካፍሉ። ችግር አለ የሚባለውም ጥንዶች ያለ መከላከያ አንድ ዓመት አብረው ቆይተው እርግዝና ካልመጣ ነው። እስከ ግማሽ በሚደርሱት ጥንዶች ላይ ደግሞ የወንዱም ድርሻ አለበት፤ ወይ እሱ ብቻ፣ ወይ ሁለቱም። የወንዱ ምርመራ ከሴቷ ምርመራ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ቀላል ነው። ሆኖም የእኛ አገር ሴት ሦስት ጠበል፣ ሁለት መድኃኒት አዋቂና አንድ ሆስፒታል አዳርሳ ስትመለስ ባሏ አንዲት ብልቃጥ ይዞ ላብራቶሪ ለመግባት ያፍራል።

የእኔው ባለቤት ገባ። አፍሮ ነው፣ ላብ አጥምቆት ነው፣ ግን ገባ። ውጤቱ ደህና ሆነ። ለእኔ ደግሞ ማህፀኔ ውስጥ ቀለም ተለቆ ራጅ ተነሳሁ። ከሁለቱ ቱቦዎች የግራው ዝግ ነበር። የቱቦ መዘጋት ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ልጅ ለሚያሳጡ ምክንያቶች ዋነኛው ከሚባሉት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው በጊዜው ያልታከመ ኢንፌክሽን ነው። እርግማን አይደለም፤ የእናት አደራ መብላትም አይደለም። በአንቲባዮቲክ ሊቀር ይችል የነበረ ነገር ነው።

ሁለቱም ቱቦ ቢዘጋስ? ያኔ መንገዱ አይ.ቪ.ኤፍ. ይባላል፤ እንቁላሉና የወንዱ ዘር ከሰውነት ውጭ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ይገናኙና ጽንሱ ተመልሶ ማህፀን ውስጥ ይቀመጣል። በዚህ መንገድ የመጀመሪያዋ ሕፃን ሉዊዝ ብራውን እንግሊዝ አገር የተወለደችው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1978 ነው። ሥራውን ከመሩት አንዱ ሮበርት ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ2010 የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል። በአገራችን ይህን ሕክምና በመንግሥት ሆስፒታል ደረጃ የጀመረው የአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው፤ በ2011 ዓ.ም.። ከሉዊዝ ብራውን እስከ ጳውሎስ 40 ዓመት። ከጅጋ እስከ ጳውሎስ ደግሞ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ። የቱ እንደሚርቅ ኪሱን የዳሰሰ ያውቀዋል።

ለእኔ ግን አንዱ ቱቦ ክፍት ነበር። በጥር 2015 ዓ.ም. አረገዝኩ።

ሆዴ ዝም ያለ ጊዜ

ስለ እርግዝናዬ ብዙ አላወራም። ጥሩ ነበር። ሰው ሁሉ «ሆድሽ ሹል ነው፣ ወንድ ነው» ይለኝ ነበር።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ክልላችን ውስጥ ጦርነቱ ተቀጣጥሎ ነበር። መንገድ ተዘጋ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰ ፍንዳታ ከሃያ በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያው ሰሞን፣ ሰባተኛ ወሬን እንደያዝኩ፣ ሆዴ ውስጥ የነበረው እንቅስቃሴ ቆመ። ለሦስት ዓመት «ምነው ዝም አላችሁ» የተባልኩት ሴት፣ ዝም ማለት ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

መኪና የለም። በሦስተኛው ቀን በፈረስ ጋሪ ሕክምና ደረስኩ፤ የት እንደሆነ ይቆየን። ምንም የልብ ምት የለም ተባልኩ። ምጡ ሌላው ሰው የሚያምጠው ምጥ ነው፤ የሞተ ልጅ ስለሆነ አይቀልም። «ማርያም፣ ማርያም» የሚሉት ሴቶች አብረውኝ ነበሩ። ከወለድኩ በኋላ እልል ያለ የለም። አንዷ ባለሙያ «ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» አለችኝና ልታሳየኝ አልፈቀደችም። ያሳየችኝ ጽዳት የምትሠራ ሴት ናት። በነጠላዋ ጠቅልላ አምጥታ «እይአት እንጂ፣ ያንቺው ናት» አለችኝ። ሴት ነበረች። ፀጉር ነበራት።

ባለቤቴና ወንድሙ ወስደው ቀበሯት። ክርስትና አልተነሳች፣ ፍትሐት የለም። ስም አልወጣላት፣ ለእድር የሚነገር ሰው የለም። ድንኳን አልተተከለም። ከተማው በሙሉ ሐዘን ላይ ነበር፤ ያደገ ልጅ፣ ባል፣ አባት የቀበረ ሰው ሞልቶ ባለበት ሰሞን «የኔ ያልተወለደችው» ብሎ ማልቀስ ራሱ ያሳፍር ነበር። በዓለም ላይ በዓመት ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆች ከ28 ሳምንት በኋላ ሞተው እንደሚወለዱ ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። አብዛኞቹ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካና በደቡብ እስያ። ይህን ሁሉ እናት የት ነው የምንደብቃት?

በሦስተኛው ቀን ወተቴ መጣ።

ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። አካል ልጁ መሞቱን አያውቅም፤ የእንግዴ ልጁ ሲወጣ ሆርሞኑ ይወርዳል፣ ወተቱ ይመጣል፣ አበቃ። የሚጠባ ይኑር አይኑር አይጠይቅም። ቀሚሴ ረጥቦ አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ አማቴ ገባች። እነዚያን ሦስት ዓመታት ስለ ዘር ስትናገር ከርማ ነበርና እውነት ለመናገር ላያት አልፈለግኩም። ገንፎ ይዛ ነው የመጣችው። መሃሉ ጎድጎድ ብሎ ቅቤው ሞልቶበታል፤ የአራስ ገንፎ።

«ምን ያደርግልኛል እማ?» አልኳት።

«ብዪ። ወልደሻል እኮ ልጄ። አራስ ነሽ።»

ከዚያ ወዲያ ስለ ዘር አንስታብኝ አታውቅም።

የምትክ ስሞች

«ሾተላይ ነው» ያሉኝም አሉ። ከተማ ያደጋችሁ አንባቢዎች ቃሉን ከአያቶቻችሁ ሰምታችሁት ይሆናል። ልጅ እየተፀነሰ ወይም እየተወለደ ሲሞትባት ሴቲቱን «ሾተላይ አለባት» ይሏታል። መንፈስ ነው የሚሉ አሉ፤ ደም ነው የሚሉም አሉ። የኋለኞቹ እውነት አላቸው። እናትየዋ ደሟ አር.ኤች. ነጌቲቭ ከሆነና የፅንሱ ደም ፖዘቲቭ ከሆነ፣ በወሊድ ጊዜ ደማቸው ሲነካካ የእናትየዋ አካል መከላከያ ያበጃል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። መከላከያው የሚያጠቃው የሚቀጥሉትን ነው። አያቶቻችን «የመጀመሪያዋን ትታ ተከታዮቹን ትበላለች» ሲሉ ያዩትን ነው የተናገሩት፤ ያላዩት ማይክሮስኮፕ ብቻ ነው። መድኃኒቱ አንቲ ዲ የሚባል መርፌ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ አለ። በእርግዝና ጊዜና ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። እርጉዝ የሆናችሁ፣ የደም ዓይነታችሁን ዛሬ አስመርምሩ። የእኔ ፖዘቲቭ ነው፤ የእኔ ሾተላይ መንገድ መዘጋቱ ይሁን ሌላ፣ የነገረኝ የለም።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። የክፍል ጓደኞቻችሁን ስም አስታውሱ። ምትኩ፣ ምትኬ፣ ካሳ፣ ካሳሁን፣ ተካ፣ ተተካ፣ ማስረሻ። ስንት አሉ? የማን ምትክ ናቸው? የምን ካሳ? ማንን ለማስረሳት? አገራችን ስለሞቱ ሕፃናት አታወራም እንላለን እንጂ በየቀኑ ስም ስትጠራ ነው የምትውለው። መምህሩ ሮል ኮል ሲያደርግ ከአርባ ተማሪ አምስቱ ስማቸው የወንድማቸው ወይም የእህታቸው መታሰቢያ ነው።

የባለቤቴ ስም ከእነዚህ አንዱ ነው። ሦስት ዓመት ስጠራው ኖሬ ትርጉሙን አስቤው አላውቅም ነበር። አማቴ ገንፎውን ካበላችኝ በኋላ ነገረችኝ። ከእሱ በፊት ሁለት ነበሩ።

እንገር

ስለ ልጅ መጻፍ የጀመርኩት በዚያ መኸር ነው። ያኔ ኢንተርኔት የለም፤ ስለዚህ በእጅ፣ በደብተር ወረቀት። ምክንያቷ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ቤት ለቤት ስትዞር ልትጠይቀኝ ገብታ፣ ጎረቤታችን ያለችው አራስ እንገሩን እያለበች እየደፋች መሆኑን ነገረችኝ። እንገር ታውቃላችሁ? የመጀመሪያዎቹ ቀናት ወተት፤ ወፍራም፣ ቢጫ። «ቆሻሻ ነው፣ ሆድ ይነፋል» ተብሎ በብዙ ቤት ይደፋል፤ ሕፃኑ በምትኩ ቅቤ ይልሳል። እንገር ግን በሽታ ተከላካይ ነገር የሞላበት፣ የሕፃን የመጀመሪያ ክትባት ሊባል የሚችል ነው።

«እኔ ስነግራቸው የመንግሥት ሥራ ነው ይሉኛል፤ አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽ? ሰው የሚሰማው አድርገሽ ጻፊልኝ፣ ቡና ላይ አነብላቸዋለሁ» አለችኝ።

ጻፍኩ። አንድ ገጽ። ጡቴ ገና አልደረቀም ነበር። እንገር ምን እንደሆነ ከየትኛውም መጽሐፍ በላይ የማውቅበት ሳምንት ነበር፤ የደፋሁት እኔ ነኛ፣ የሚጠጣው አጥቼ። ወረቀቱ ተነበበ። ሴቶቹ «ሌላስ የላትም?» አሉ። ሌላ ጻፍኩ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ አርባ ምናምን ገጽ ሞልቶኝ ነበር።

ምን ምን ጻፍኩ? ስለ እንጥል። ሕፃን ጉሮሮው ሲታመም እንጥሉን በምላጭ ማስቆረጥ እዚህ አካባቢ እስካሁን አልጠፋም። የሚያስከትለው ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽንና ቲታነስ ነው፤ የጉሮሮ ሕመሙ ግን እንዳለ ይቀራል። ስለ ተቅማጥ። ኦ.አር.ኤስ. በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ፤ ጡት ማጥባት ሳይቋረጥ። ስለ ስድስት ወር። እስከዚያ ድረስ ከእናት ጡት በቀር ውኃም ቢሆን አያስፈልግም።

በጣም ያከራከረኝ ግን ስለ ምግብ የጻፍኩት ነው። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል አምስት ዓመት ካልሞላቸው 100 ልጆች 46ቱ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ መሆናቸውን አሳይቷል። የአገሪቱ አማካይ 38 ነበር። አሁን ጃቢ ጠህናንን አስቡ። ቡሬን አስቡ። በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ የሚቆምበት አገር! ጎተራው ሙሉ፣ ልጁ አጭር። እንዴት? ዶሮዋ የጣለችው እንቁላል ቅዳሜ ገበያ ይሄድና በብር ይመለሳል። ልጁ ሽሮ በእንጀራ፣ በማግሥቱም ሽሮ በእንጀራ። ጾም ሲሆን ደግሞ «ዕቃው ይነካካል» ተብሎ የሁለት ዓመቱ ሕፃንም አብሮ ይጾማል። እንዲህ ያለውን ሕፃን ጹም ብላ ያዘዘች ቤተ ክርስቲያን የለችም። ይህን ስጽፍ አንድ ቄስ ጠይቄ ነው የጻፍኩት፤ «ለሕፃን ጾም የለውም» ብለው እሳቸው ራሳቸው ቡና ላይ መጥተው ተናገሩልኝ።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይሉኛል። እኔ እንግዲህ ከዚህ ተረት ጋር ተጣልቻለሁ። ልጅ በዕድሉ አያድግም። ልጅ በእንቁላል፣ በንጹሕ ውኃ፣ በክትባትና በተከፈተ መንገድ ያድጋል። ዕድል የምንለው አብዛኛው፣ ሰው ሊያደርገው ሲችል የተወው ነገር ነው።

«አንቺ ምኑን ታውቂዋለሽ?»

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቅ ነበር፤ መጣም። ቡና ላይ ነው። አንዲት አምስት የወለደች ሴት ወረቀቱ ተነብቦ ሲያልቅ ወደ እኔ ዞራ «አንቺ ምኑን ታውቂዋለሽ የኔ እናት? ያልወለደ አንጀት!» አለችኝ።

ተረቱ ሲሟላ «ያልወለደ አንጀት ጨካኝ ነው» ይላል። ቤቱ ፀጥ አለ።

ቀልድ አውቃለሁ፤ «ስለ ኳስ የሚያወራው ጋዜጠኛ ስንት ጎል አግብቷል?» ማለት ይቻል ነበር። አላልኩም። ምክንያቱም በአንድ በኩል ልክ ናት። ሌሊት ስድስት ጊዜ ተነስታ ጠዋት ማሳ የምትወርድ ሴት ድካምን የምታውቀውን ያህል እኔ አላውቅም። ስለዚህ ስለ አንድ ነገር ከመጻፌ በፊት ቢያንስ ሦስት እናቶችን እጠይቃለሁ፤ ከዚያ ለጤና ባለሙያ አሳያለሁ። «እንዲህ አድርጉ» ብዬ የጻፍኩት ነገር ውኃ ሁለት ሰዓት በሚቀዳበት ቤት የማይሠራ ከሆነ አወጣዋለሁ። ያቺ ባለ አምስት ልጅ ሴት ዛሬ ከሦስቱ አንዷ ናት። ሳትነቅፈው የሚያልፍ ጽሑፍ የለኝም።

በሌላ በኩል ግን ተረቱ ውሸት ነው። እስቲ እነማን እንዳሳደጉን እንይ። አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄዳ በረሃብ የሞተች እናት ሬሳ አጠገብ ያለች ሕፃን አገኘች፤ አንስታት መጣች። ዓመቱ ሳያልቅ ቤቷ ውስጥ ያሉት ልጆች ከሃያ በለጡ። ባሏ «ወይ ልጆቹ ወይ እኔ» አላት። ልጆቹን ይዛ ወጣች። በ2013 ዓ.ም. በኮሮና ስታርፍ ባቋቋመችው ድርጅት አማካይነት እርዳታ ያገኙት ተቆጥረው አያልቁም ነበር። ከእነዚህ ልጆች አንዱንም አላማጠችም።

እቴጌ ጣይቱ ከምኒልክ አልወለዱም። አዲስ አበባን ስም ያወጡላት ግን እሳቸው ናቸው። የዛሬ ስንት ሚሊዮን ሰው አድራሻውን ሲጽፍ ልጅ ያልወለዱ ሴት ያወጡትን ስም ነው የሚጽፈው።

ሌላም አለ፤ ይሄኛው ይገርመኛል። በየዓመቱ ግንቦት 1 ቀን ልደታን እናከብራለን። ንፍሮ ተቀቅሎ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ከቤት ደጅ ወጥተን። በዓሉ የማን ነው? የእመቤታችን ልደት። ወላጆቿ ኢያቄምና ሐናስ? ልጅ አጥተው ሲኖሩ «ዘር የላችሁም» ተብለው መሥዋዕታቸው የተመለሰባቸው ጥንዶች ናቸው። ሰው የናቃቸውን ሁለት መካኖች በንፍሮ የሚያከብር ሕዝብ፣ ንፍሮውን በልቶ ሳይጨርስ ጎረቤቱን «ምነው ዝም አልሽ?» ይላል።

ከገበያ የመጣች ሴት

ይህን የምጽፈው ቁስሌን ለማከም ነው ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ። አያክምም። ሕፃናት በሚመዘኑበት ቀን ሚዛኑ አጠገብ ቆሜ ቁጥር ስመዘግብ ቤቴ ገብቼ በሩን የምዘጋበት ቀን አለ። ልጄ ብትኖር ዛሬ ሁለት ዓመት አልፏት ነበር፤ የሁለት ዓመት ልጅ ስለሚናገራቸው ቃላት ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ግን እጽፈዋለሁ። ቃላቱ ለሌላ ልጅ ያስፈልጉታል።

ካሰብኩት ውጭ የሆነው ይህ ነው፤ ስለ ልጅ መጻፍ ስጀምር ልጅ የሌላቸው ሴቶች ይፈልጉኝ ጀመር። በጓሮ በር፣ በምሽት። አንዷ ከገጠር በርበሬ ይዛ ለገበያ ወጥታ ሸጣ ስትጨርስ መጣች። ከእኔ ታንሳለች። «ስለ ልጅ የምትጽፊው አንቺ ነሽ እታለም? እኔ ልጅ የለኝም፤ ብገባ ችግር አለው?» አለችኝ። አምስት ዓመት አልፏታል በትዳር። ባሏ ሌላ ሊያገባ ሽማግሌ ልኳል። እስከዚያ ቀን ወንድ ልጅ ይመረመራል ሲባል ሰምታ አታውቅም። ግማሽ በግማሽ የሚለውን ነገርኳት። ወረቀት ላይ ጻፊልኝ አለች። ማንበብ አትችልም፤ ባሏ ግን ይችላል። አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው።

ባሏ እስካሁን አልተመረመረም። ሽማግሌውም ግን እስካሁን አልተመለሰም። ወረቀቱ አለ፤ «ደጋግሞ ያነበዋል» ብላኛለች።

እኔና ባለቤቴስ? የግራው ቱቦ እንደተዘጋ ነው፤ የቀኙ እንደተከፈተ ነው። ሌላ ልጅ ልንወልድ እንችላለን፤ ላንወልድም እንችላለን። ማደጎ እያልን የምንነጋገርባቸው ምሽቶች አሉ። የሚሆነው ይሆናል። እሱ ስለ ክፍልፋይ ማውራቱን አላቆመም።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎቼ፣ ብዙዎቻችሁ ገና አላገባችሁም፤ ያገባችሁም ገና ሠርጋችሁ አልቀዘቀዘም። ሦስት ነገር ላስቸግራችሁና ላብቃ። አንደኛ፣ «ምነው ዝም አላችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ከአፋችሁ አውጡት። የተመለሰላችሁ ቀን ትጸጸቱበታላችሁ። ሁለተኛ፣ ልጇ በሆዷ የሞተባት ሴት ካለች «ሌላ ትወልጃለሽ» አትበሏት። ገንፎ ውሰዱላት። ገንፎ መሥራት ካልቻላችሁ ቡና አፍሉላት፤ ልጅቷ ምን ትመስል እንደነበር ጠይቋት። ትነግራችኋለች። ሦስተኛ፣ ወንዶች ሆይ፣ ብልቃጧ ትንሽ ናት፤ አትፍሯት።

ሳምንት የምጽፈው ስለ ግግ ነው፤ ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው ድዱን አስቆርጣችሁ ገና ያልበቀለ ጥርስ ስለምታስወጡት። ክርክር ያላችሁ ተዘጋጅታችሁ ጠብቁኝ።

ቸር እንሰንብት።